ምዕራፍ 7፦ ከመጀመሪያው ምት በፊት

አምቢኮ ራስ ዳሸን ሥር ያለች መንደር ናት። ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ አድርጎ ወደ ተራራው ጫፍ የሚወጣ መንገደኛ የመጨረሻ አዳሩ እዚያ ነው። በዚህ መንገድ ገደል ለገደል ሲዘል የሚታየው ዋልያ ከስሜን ተራሮች ውጭ በዱር የሚኖርበት ቦታ በዓለም ላይ የለም። ብሔራዊ ቡድናችን ስሙን የወሰደው ከዚህ እንስሳ ስለሆነ፣ ደባርቅና ዳባት ያለ ሰው ስለ ዋልያዎቹ ሲያወራ ስለ ጎረቤቱ ጭምር ያወራል።

የዋልያዎቹን ታሪክ ሁላችንም የምንናገረው በጎልና በዕንባ ነው። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መመለሳቸው፣ የአዲስ አበባ ስታዲየም ጩኸት፣ የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ስም። እኔ በዚህ ምዕራፍ የማነሳው ግን አንድ የስም ዝርዝር ነው፤ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ለዳኛ የሚሰጠውን ወረቀት።

ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቦትስዋናን በቦትስዋና ሜዳ 2 ለ 1 አሸነፈች። በሳምንቱ፣ ሰኔ 9፣ ደቡብ አፍሪካ አዲስ አበባ መጣች። በርናርድ ፓርከር ቀድሞ አገባ፣ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገ፣ ከዕረፍት በኋላ ያው ፓርከር ኳሷን በራሱ መረብ ላይ አሳረፋት። ኢትዮጵያ 13 ነጥብ፣ ደቡብ አፍሪካ 8፤ የቀረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ለ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) የብራዚል ዓለም ዋንጫ መጨረሻ ማጣሪያ ማለፋችን አለቀለት ተባለና ሕዝቡ መንገድ ላይ ወጣ። በዚያው ቀን ፊፋ የቦትስዋናውን ጨዋታ እየመረመርኩ ነው አለ።

ነገሩ ይህ ነበር። አማካዩ ምንያህል ተሾመ በዚያው ማጣሪያ ሁለት ቢጫ ካርድ አይቷል፤ አንዱን ግንቦት 26 ቀን 2004 ከደቡብ አፍሪካ ጋር፣ ሌላውን መጋቢት 15 ቀን 2005 ከቦትስዋና ጋር። በደንቡ መሠረት በአንድ ማጣሪያ ውስጥ በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ካርድ ያየ ተጫዋች የሚቀጥለው ጨዋታ ያልፈዋል። የሚቀጥለው ደግሞ ሰኔ 1 ነበር፤ ምንያህልም ተሰለፈ። ውጤቱ ተሰርዞ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተመዘገበ። 13 የነበረው ነጥብ 10 ሆነ፣ ቦትስዋናም 7 ደረሰች፣ ያለቀለት የተባለው ማጣሪያ እንደገና ተከፈተ። ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አመነ።

በሁለቱ ካርዶች መካከል ከዘጠኝ ወር በላይ ማለፉን ልብ እንበል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቡድኑ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ተጫውቷል፣ ጥር ላይ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄዶ ውድድሩን ተካፍሎ ተመልሷል። እያንዳንዱ ውድድር የራሱ የካርድ ሒሳብ አለው፤ የአፍሪካ ዋንጫው ካርድ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ላይ አይደመርም፣ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ካርድ ደግሞ በመካከል ሌላ ውድድር ስለገባ አይጠፋም። ሰው በጭንቅላቱ ብቻ ሲይዘው የሚምታታ ነገር ነው። በደብተር ላይ ግን አንድ መስመር ነው።

ጳጉሜ 2 ብራዛቪል ላይ ዋልያዎቹ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው ምድቡን በ13 ነጥብ ጨረሱ። ከዚያ ናይጄሪያ ጥቅምት 3 ቀን 2006 አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ኅዳር 7 ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ መንገዱን ዘጋችው። የጠፋው ነጥብ በመጨረሻ ከምድቡ አላስቀረንም፤ ግን ከሰኔ እስከ ጳጉሜ አንድ አገር በሙሉ ትንፋሹን ይዞ የከረመው በሜዳ ላይ በሆነ ነገር አይደለም። ደንቡን የሚያነብ ሰውና ስም የሚመርጥ ሰው ባለመገናኘታቸው ነው። በእኔ እምነት ስለ ስፖርት ከሚጻፈው ሁሉ በጣም የተረሳው ይህ ነው፤ የጨዋታ ደንብና የተጫዋቾች ዝርዝር አንድ ሰነድ ናቸው። ደንቡ ለእያንዳንዱ ነገር ዋጋ ያወጣል፤ ዝርዝሩ ለዚያ ዋጋ የሚሰጥ መልስ ነው። ዋጋውን ቀድሞ ያነበበ ትክክለኛውን ሰው ይመርጣል። ይህ ሥራ ደግሞ የሚሠራው ጨዋታ በሌለበት ወቅት ነው።

እኛ ዘንድ ያ ወቅት ክረምት ነው። ስሜን በሐምሌና በነሐሴ በጉም ተሸፍኖ ሲሰነብት፣ ደባርቅ ሜዳው ጭቃ ሲሆን፣ ጎንደር ላይ ያለው ፋሲል ከነማ ሰው ያስፈርማል፣ ሰው ይሸኛል። ከዳባት እስከ ደባርቅ ያለው ደጋፊ በዚያ ሁለት ወር የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ማን ገባ? ማን ወጣ?»

ጊዜው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የአገራችን ክለቦች አብዛኞቹ የከተማ አስተዳደር፣ የመንግሥት ተቋም፣ የባንክና የኢንሹራንስ፣ የመከላከያ ናቸው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የተጫዋቾች ውልም በብዛት ሰኔ 30 ያልቃል፤ ውሉ ራሱ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ በየክረምቱ የቡድኑ ግማሽ ያህል ነፃ ሰው ሆኖ ያድራል። አውሮፓ ውስጥ ክለብ ለክለብ ገንዘብ ከፍሎ ተጫዋች ይገዛል፤ እኛ ዘንድ ገንዘቡ በአብዛኛው የሚሄደው ውሉን ለጨረሰው ተጫዋች ራሱ ነው። ይህ ለተጫዋቹ መልካም ነው። ለክለቡ ግን በየዓመቱ ቡድን እንደ አዲስ መሥራት ማለት ነው፤ ያሳደገውን ልጅ ሲለቅም በእጁ የሚገባለት ካሳ የለም ማለት ይቻላል። ታዳጊ ላይ ገንዘብ ማውጣት የማያዋጣው ለዚህ ነው፣ ደባርቅ ላይ በባዶ እግሩ የሚጫወተውን ልጅ ሄዶ የሚያየው ሰው የሌለውም ለዚህ ነው።

ፋሲል ከነማ በ1960 ዓ.ም. የተመሠረተ ክለብ ነው። ሜዳው አፄ ፋሲለደስ ስታዲየም ነው፤ ደጋፊው «አፄዎቹ» ይለዋል። ወደ ፕሪምየር ሊጉ የወጣው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት ሌላው የጎንደር ክለብ፣ ከራስ ዳሸን ስሙን የወሰደው ዳሽን ቢራ፣ ከሊጉ ወረደና ፈረሰ። በአንድ ክረምት አንድ ከተማ ውስጥ አንድ ቡድን ዋናው ሊግ ገባ፣ ሌላው ተጫዋቾቹን በሙሉ በትኖ ከካርታው ጠፋ። ባለቤቱ ፋብሪካ የሆነ ክለብ ዕድሜው በፋብሪካው ፍላጎት ልክ ነው፤ የሕዝብ የሆነው ግን ገንዘብ ቢያጣም በቀላሉ አይፈርስም።

ፋሲል በ2011 የኢትዮጵያን ዋንጫ፣ በ2013 ደግሞ በአሰልጣኝ ስዩም ከበደ የመጀመሪያውን የሊግ ሻምፒዮንነት ወሰደ። ያን ዓመት የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ በ29 ጎል የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ነበር፤ ዋንጫው ግን ጎንደር ገባ። ለፋሲል በብዛት ያገባው ሙጂብ ቃሲም ነው፤ ሙጂብ ደግሞ በተከላካይነት ይታወቅ የነበረ ሰው ነው። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው እንዲህ ያለውን ምርጫ ነው። አጥቂ ፍለጋ ገበያ ላይ ከመንከራተት አስቀድሞ ከያዙት ሰው ውስጥ ያልታየውን ማየት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዓይን ይጠይቃል። ሻምፒዮን በሆኑበት ክረምት ሙጂብ ወደ አልጄሪያው ካቢሊ ሄደ፣ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። አፄዎቹ በቻምፒየንስ ሊጉ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር 2 ለ 2 እና 1 ለ 1 ወጥተው፣ ምንም ሳይሸነፉ፣ ከሜዳ ውጭ በገባ ጎል ሒሳብ ቀሩ። ያ ደግሞ ራሱን የቻለ የደንብ ነገር ነው፤ በዚያው ዓመት የአውሮፓው ማኅበር ይህን ሒሳብ ትቶት ነበር።

2013 ሌላም ለውጥ ይዞ መጣ። ሊጉ በአክሲዮን ማኅበር መተዳደር ጀምሮ ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምሩ፣ ውድድሩ በየክለቡ ሜዳ መሆኑ ቀርቶ በተመረጡ ከተሞች በዙር የሚካሄድ ሆነ። በአንድ ውሳኔ ጎንደር ሜዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ጨዋታ ቀረ። ይህን የማነሳው ለቅሬታ ብቻ አይደለም፣ ምንም እንኳ ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቡድኑን ያይ የነበረው ሰው ያጣውን የሚተካለት ነገር ባይኖርም። የቦታ ደንብ የተጫዋች ምርጫን ይለውጣል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ሙቀቷ ሌላ ነው፣ ሐዋሳና አዳማ በመካከል ናቸው። ግማሹን ጨዋታውን ደጋ ላይ የሚጫወት ክለብ እንግዳው ትንፋሽ የሚያጥረውን ፈጣን ቡድን ቢሠራ ያዋጣዋል። በየሦስት አራት ቀኑ በሙቀት ቦታ የሚጫወት ክለብ ግን ኳስ ይዞ የሚያርፍና ጥልቀት ያለው ተጠባባቂ ያስፈልገዋል። በ2012 በኮሮና ምክንያት በጊዜያዊነት የተፈቀደውና በ2014 ቋሚ የሆነው የአምስት ተቀያሪ ደንብም የሚገፋው ወደዚያው ነው። ሦስት ሰው ብቻ ይቀየር በነበረበት ዘመን አሥራ አምስተኛው ተጫዋች የማስታገሻ ያህል ነበር፤ ዛሬ በየጨዋታው ግማሽ ሰዓት የሚጫወት ሙሉ ሠራተኛ ነው፤ ክለብ ሲያስፈርምም እንደዚያ ሊቆጥረው ይገባል።

የደመወዙ ነገር ከዚህ ይከብዳል። በ2011 ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። የውሳኔው ሐሳብ መጥፎ አልነበረም፤ የሕዝብ በጀት ለደመወዝ እየፈሰሰ ነበርና። ግን እያንዳንዱን ሰው ለየብቻ የሚገድብ ጣሪያ ክለቡን እንዲመርጥ አያስገድደውም። ሀብታሙ ክለብ ሃያ አምስት ተጫዋች በ50,000 ብር ሊያስፈርም ይችላል፤ ደሃው አምስት። ከዚያም በላይ፣ የተሻለ ተጫዋች ለማግኘት የሚፎካከሩ ሁለት ክለቦች እኩል 50,000 ካቀረቡ ልዩነቱ ከወረቀቱ ውጭ መፈለጉ አይቀርም፤ ተፈልጎም ተገኘ። በኋላ በ2017 የውድድር ዘመን የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ክለቡ ለተጫዋቾች በጠቅላላ የሚያወጣውን የሚገድብ የፋይናንስ መመሪያ ሥራ ላይ ያዋለው ይህን አይቶ ነው ብዬ አምናለሁ። ድምሩ ሲገደብ ለአንዱ የጨመርከው ከሌላው የሚቀነስ ይሆናል፤ ያኔ አሰልጣኙና የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ተቀምጠው መነጋገር ግዴታቸው ነው። አሰልጣኝ ሳይቀጠር ተጫዋች የሚያስፈርም ክለብ በዚህ ዓይነት ደንብ ሥር ብዙ አይራመድም።

በጠቅላላ ጣሪያ የኖሩትን ለማየት ወደ አሜሪካ መሻገር ይጠቅማል። እዚያ «እግር ኳስ» የሚሉት እንቁላል ቅርጽ ባላት ኳስ፣ በራስ ቁርና በትከሻ መከላከያ፣ ኳስን በእጅ ይዞ በመሮጥ የሚጫወቱት ነው፤ አልፎ አልፎ ነው በእግር የሚመቱት። ኤንኤፍኤል የሚባለው የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ በ2025 እ.ኤ.አ. ለአንድ ክለብ የፈቀደው የተጫዋች ወጪ 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ለሁሉም እኩል። ከውድድሩ በፊት ባለው ልምምድ 90 ተጫዋች መያዝ ይቻላል። በነሐሴ መጨረሻ ግን 53 ብቻ ይቀራሉ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ሥራውን ያጣል። አንዳንዱ በልምምድ ቡድን ይመለሳል፣ ብዙው አይመለስም። ከሃምሳ ሦስቱ አንዱ ለመሆን አንድ ነገር በደንብ መቻል ሊበቃ ይችላል፤ ለምሳሌ የማስጀመሪያውን ምት መቀበል። ያ ምት ደግሞ ባለፉት ዓመታት ከሁሉ በላይ ደንቡ የተቀያየረ የጨዋታው ክፍል ነው።

እስቲ ደባርቅ ከተማ አጠገብ ያለውን አምባ ሜዳ እናስብና እዚያ እንሥራው። ሜዳው 100 ያርድ ይረዝማል፣ ከ91 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ በሁለቱ ጫፍ አሥር አሥር ያርድ የማጠናቀቂያ ክልል አለ። መቺው በራሱ በኩል 35ኛው ያርድ ላይ ኳሷን አቁሞ ወደ ተቃራኒው ጫፍ ይመታል። ከዚያ ወገን አንዱ ይቀልባትና ይዞ ወደፊት ይሮጣል፤ የሚያስቆሙት ቦታ ቡድኑ ማጥቃት የሚጀምርበት ይሆናል። በድሮው አሠራር ከመቺው ጎን የተሰለፉት አሥር ሰዎች ኳሷ ስትነሳ ባለ በሌለ ኃይላቸው ሜዳውን አቋርጠው ይሮጡ ነበር፤ ከፊት የሚመጣላቸው ደግሞ እንደዚያው በሩጫ ላይ ያለ ሰው ነው። መቶ ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች በሙሉ ፍጥነት ራስ ለራስ ይገጥማሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. የቡፋሎው ኬቨን ኤቨሬት በእንዲህ ያለ ምት አንገቱ ተሰብሮ ሜዳ ላይ ቀረ፤ በሕክምና ቆሞ ለመሄድ ቢበቃም ዳግም አልተጫወተም።

አደጋው አዲስ አይደለም። በ1892 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ከዬል ጋር ሲጫወት ተጫዋቾቹን በሹል ቅርጽ ሰድሮ በሩጫ የሚያጋጭ አሰላለፍ አመጣ። በ1905 ጨዋታው ሰው እየገደለ ስለነበር ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የዩኒቨርሲቲዎቹን ሰዎች ቤተ መንግሥት ድረስ ጠርቶ አነጋግሯል፤ በዓመቱ ደንቡ በሰፊው ተለወጠ።

ኤንኤፍኤል ለብዙ ዓመት የመረጠው መፍትሔ ምቱን ማደንዘዝ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. የመምቻው ቦታ ከ30ኛው ወደ 35ኛው ያርድ ተጠጋ። መቺው ኳሷን የማጠናቀቂያ ክልሉ ድረስ ካደረሳትና ተቀባዩ ካልሮጠ፣ ቡድኑ በነፃ 20ኛው፣ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ 25ኛው ያርድ ላይ ኳስ ይሰጠዋል። ውጤቱ ጉዳቱን ቀነሰ፣ ጨዋታውንም ገደለው። በየካቲት 2024 በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ከአሥራ ሦስት የማስጀመሪያ ምቶች አንዱም በሩጫ አልተመለሰም። በየክለቡ ለዚህ ሥራ የተቀጠረ ሰው ቆሞ ኳስ በራሱ ላይ ስታልፍ ከማየት ሌላ ሥራ አልነበረውም።

መጋቢት 2024 ላይ የክለብ ባለቤቶች 29 ለ 3 በሆነ ድምፅ ሌላ ነገር ሞከሩ። መቺው እዚያው 35ኛው ላይ ይቀራል። አሥሩ ጓደኞቹ ግን ከሱ ተለይተው ሄደው በተቃራኒው ወገን 40ኛው ያርድ ላይ ይቆማሉ። የተቀባዩ ቡድን ተከላካዮች ከ30ኛው እስከ 35ኛው ባለው ክልል ውስጥ፣ ከፊታቸው አምስት ያርድ ብቻ ርቀት ላይ ይሰለፋሉ። ኳስ ተቀባዮቹ፣ አንድ ወይም ሁለት፣ ከ20ኛው ያርድ ወደ ኋላ ናቸው። ኳሷ ተመትታ መሬት ወይም ተቀባዩን እስክትነካ ድረስ ከመቺውና ከተቀባዮቹ በስተቀር ማንም አይነቃነቅም። ሩጫው ስለሌለ ግጭቱ ይለሰልሳል፤ ኳሱ ግን ይመለሳል። ሐሳቡ የመጣው ኤክስኤፍኤል ከተባለ ትንሽ ሊግ ነው።

ቁልፉ ግን የያርዱ ዋጋ ነው። በ2024 ኳሷ በቀጥታ የማጠናቀቂያ ክልል ውስጥ ካረፈች ተቀባዩ ቡድን 30ኛው ላይ ይጀምራል ተባለ። አሰልጣኞች ሒሳቡን ሠሩት፤ አስመልሶ ከመሞከር 30ኛውን መስጠት ይሻላል አሉ። ከሦስት ምት አንዱ ገደማ ብቻ ተመለሰ። በ2025 ደንቡ ቋሚ ሲሆን ዋጋው 35ኛው ያርድ ሆነ። አምስት ያርድ ብቻ ነው የጨመረው፤ አራት ሜትር ተኩል ያህል። የውድድር ዘመኑ ሲጀመር ግን ከአራት ምት ሦስት ገደማው በሩጫ የሚመለስ ሆነ። ማንም ማንንም አላዘዘም፣ አልመከረም። አምስት ያርድ የሠላሳ ሁለት ክለቦችን ሐሳብ ገለበጠ። የኛ ሊግ ደንብ አውጪዎች ቢያጠኑት የምመኘው ይህንን ነው፤ ክልከላ ጽፎ ጠባቂ ከማቆም ይልቅ ዋጋውን በትክክል ማስቀመጥ።

ደባርቅ ላይ ይህ ዋጋ ሌላ ይሆን ነበር። ከተማዋ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ኳስን የሚይዘው ግፊትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የሊጉ ከፍተኛ ሜዳ ዴንቨር ናት፣ 1,609 ሜትር ላይ፤ ማት ፕራተር በ2013 እ.ኤ.አ. በ64 ያርድ ጎል ያስቆጠረው እዚያ ነው፣ በወቅቱ ክብረ ወሰን ነበር። ደባርቅ ሜዳ ላይ ተራ መቺ ያለ ድካም ኳሷን ከማጠናቀቂያው ክልል አሻግሮ ወደ ገደሉ ይሰዳታል። አስቸጋሪው እዚህ ማሳጠር ነው።

የእኛው እግር ኳስ ማስጀመሪያም ትልቅ ለውጥ አይቷል፣ ሰው ግን ብዙም አላስተዋለውም። በ1863 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ደንቡን ሲጽፉ ጀምሮ ተቃራኒው ቡድን አሥር ያርድ ርቆ ይቆማል፤ የመሃሉ ክብ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 9.15 ሜትር የሆነው ለዚህ ነው። እስከ 2016 ድረስ የመጀመሪያው ኳስ የግድ ወደፊት መሄድ ነበረባት፤ ለዚህ ነው ሁለት ሰው መሃል ላይ ቆመው አንዱ ለሌላው ይነካት የነበረው። ከ2016 ጀምሮ በፈለጉት አቅጣጫ መምታት ተፈቀደ፣ ከ2019 ደግሞ የሳንቲሙን ዕጣ ያሸነፈ ቡድን ከፈለገ ኳሱን ራሱ ማስጀመር ይችላል። ፓሪስ ሴንት ዠርመን በ2025 የአውሮፓን ዋንጫ ሲወስድ አንዳንድ ጨዋታውን የጀመረው ኳሷን ሆን ብሎ ተቃራኒው ቡድን ጥግ አካባቢ ወደ ውጭ በመምታት ነበር። ኳሱን ለተቃራኒው ሰጥቶ፣ ሜዳው ጠባብ በሆነበት ቦታ ከበው ይነጥቁታል። ይህን ለማድረግ ግን መጀመሪያ ለመንጠቅ የሚሮጡ አጥቂዎች መምረጥ ያስፈልጋል። ስም ያለውን አጥቂ ሁሉ ይዞ አይቻልም።

በገና ጨዋታም የሰው ምርጫው ከጨዋታው ይቀድማል። በገጠሩ ገና የተጫዋች ቁጥር የተወሰነ አይደለም፣ የሜዳ መስመርም የለውም፤ ሩሯን የሚያሳድደው ሰው ብዛት እንደ መንደሩ ነው። ስለዚህ ሚዛኑን የሚጠብቀው አከፋፈሉ ነው፤ በጉልበት እኩያ የሆኑት ሁለት ሁለት ሆነው ይቀርባሉ፣ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ይሄዳል። የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከሌሎቹ ስፖርቶች ጋር በደንብ ሲያካትተው ቁጥርና መስመር አበጀለት፤ እኩያን ለእኩያ መደልደሉ ቀርቶ እያንዳንዱ ክልል የራሱን ምርጥ ይዞ የሚመጣበት ሆነ። ሁለቱም ገና ነው። የሚፈልጉት ሰው ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

ወደ አሜሪካ ልመለስ። አዲሱ ደንብ በጸደቀበት በዚያው ቀን፣ መጋቢት 2024፣ ፒትስበርግ ስቲለርስ ኮርዳሬል ፓተርሰንን አስፈረመ። ፓተርሰን የማስጀመሪያ ምት ተቀብሎ ሜዳውን ሙሉ ሮጦ ጎል በማስቆጠር በሊጉ ታሪክ ቀዳሚ ነው፤ ዘጠኝ ጊዜ። ዕድሜው 33 ነበር፤ በአሮጌው ደንብ ማንም በዚህ ሙያው አይፈልገውም ነበር። ስቲለርሶች ዋጋው እንደሚወጣ ቀድመው አነበቡ። ካንሳስ ሲቲ ደግሞ ሌላውን ገጽ አነበበ፤ ኳስ የሚመለስ ከሆነ መጨረሻ ላይ የቀረው ሰው መቺው ነውና፣ ቀጭኑን መቺ ትቶ መጣል የሚችለውን ተከላካይ ጀስቲን ሪድን እናስመታ ይሆን ብሎ አሰበ።

ስቲለርሶች ያነበቡት ትክክል ነበር፣ አንድ ዓመት ግን ቀድመዋል። በ2024 ዋጋው 30ኛው ላይ ስለነበር ምቱ ብዙም አልተመለሰም፤ ፓተርሰን የተቀጠረበትን ሥራ በበቂ ሳያገኝ ዓመቱ አለፈ። በ2025 ዋጋው 35ኛ ሆኖ ገበያው ሲከፈት፣ በነሐሴ ወር ስቲለርሶች ዝርዝራቸውን ሲያሳጥሩ ፓተርሰንን አሰናበቱት። በእሱ ቦታ የገቡት በዚያ ዓመት እሱ ያጣውን ኳስ አገኙ። ለውጡ ግን ከሁሉ የበረታው በመቺዎቹ ላይ ነው። ለብዙ ዘመን መቺ የሚመረጠው በርቀት ነበር፤ ማጠናቀቂያ ክልሉን የሚያሻግር እግር ካለው ሌላ አይጠየቅም። አሁን አሰልጣኞች የሚፈልጉት ኳሷን ዝቅ አድርጎ፣ እያወላወለች፣ ከ20ኛው ያርድ ወዲያ ግን ከጎሉ መስመር ወዲህ መሬት ላይ የሚያሳርፋት ነው፤ ነጥራ ተቀባዩን የምታሳስት፣ ከነጠረች በኋላ ማጠናቀቂያ ክልሉ ገብታ ብትቀር እንኳ ቡድኑን 35ኛው ላይ ሳይሆን 20ኛው ላይ የምታስጀምር። ስለዚህ በ2025 ክረምት በየልምምድ ሜዳው መቺዎች ያሳለፉት ጊዜ ኳስ በማሳጠር ላይ ነበር።